ሻማ በደቻቱ

ከዚራ ጠፋ፤ ሳቢያን ጠፋ፤ ገንደ ቆሬም ጠፋ፤
ሙቀቱ ግን አልጠፋም፣ እንደ ጠገበ ድመት ከደጃችን ተደፋ።
እኔ የመብራት ኃይሉ ሰው፣ ምሰሶ ወጪው፣ ሽቦ ቀጣዩ፣
ስልኬን አጥፍቼ ተቀመጥኩ፤ ዛሬ እረፍቴ ነው፣ ሌሎቹ ይዩ።

«ጋሽ ወንድይራድ» አለች ኢፍቱ፣ የበድሪያ ታናሽ፣
«የጃፓኑን ንገረን፤ በወሬ እንኳ ይብረደን፣ ጋሽ!»

ለሥልጠና ነበር የላኩኝ፤ ሦስት ወር፤ ስለ ትራንስፎርመር።
በድሬ ሸሚዝ ወረድኩ። ጥርሴ
እንደ ድሮው ባቡር ተንገጫገጨ፣ ሽንሌን አልፎ ሲበር።
ዛፎቹ ቅጠል የላቸውም፤ ግን ከእግር እስከ ራስ
አምፖል ተቀብተዋል፣ ሂና እንደሞላው የሙሽራ እጅ፤
ሕዝቡ በካፖርት ተጠቅልሎ ከሥራቸው ያልፋል፣ ቀስ፣ ቀስ።
እኔ፣ የሙያ ነገር፣ አንገቴን ሰቅዬ ቆጠርኩ፤
በቅርንጫፍ ስድሳ፣ በዛፍ አራት ሺህ፤ ዋቱን አባዛሁ፤ ደነገጥኩ።
አሠልጣኜ ሳቀ። «ኤልኢዲ ነው» አለኝ፤
«ጎዳናው በሙሉ ጥቂት ካውያ የሚበላውን ቢበላ ነው።»
አፈርኩ። እንደገና ቆጠርኩ።

«በረዶስ?» አለች ኢፍቱ።
«እናትሽ ከፍሪጁ በቢላ የምትፍቀው።»
«እሱ መንገድ ላይ?»
«ጣሪያ ላይ፤ መኪና ላይ፤ ሽቦው ላይ ክንድ የሚያህል።
ሌላው ‹ሲያምር!› ይላል፤ እኔ ‹ይበጠሳል› እላለሁ።»

በየካቲት ወደ ሰሜን ወሰዱን።
በረዶውን ከምረው፣ ሆዱን ፍቀው፣ ጎጆ አድርገውታል፤
ምንጣፍ፣ የከሰል ምድጃ፣ አንዲት ሻማ፤
ሁለት ሕፃናት ከውስጥ አላፊውን ይጣራሉ፦ «ግቡ! ግቡ!»
ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ትኩስ የሩዝ መጠጥ ቀዱልኝ፤
ግድግዳው በረዶ ሆኖ ውስጡ መሞቁ እስከ ዛሬ ግራ ይገባኛል።
ልጅቱ ከግድግዳው የተፈለፈለች መደብ አሳየችኝ፤
አስተርጓሚው ሹክ አለኝ፦ «ለውኃ ነው።
ውኃን ነው የሚያከብሩት። አንተም አንድ ነገር በለው።»

ውኃን!
አቦ፣ እኔ ለውኃ ምን እላለሁ?
ደቻቱ በሌሊት መጥቶ፣ ሳያንኳኳ ገብቶ፣
የአክስቴን ቤት ከነአልጋው፣ ከነተኙት ጠርጎ፣
ጠዋት ደርቆ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው ፀሐይ ሲሞቅ አግኝተነው?
አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ሦስት ቀን አሸዋ ቆፍሬ
ያገኘሁት ቆጣሪያቸውን ብቻ፤
መስታወቱ አልተሰነጠቀም፤ ቁጥሩ ቆሟል።
ዜሮ፣ ሰባት፣ አራት፣ አንድ፣ ሁለት።

ዝም አልኩ።
ልጅቱ ዝምታዬ ጸሎት መስሏት ራሷን ዝቅ አደረገች፣
ሩዙን ደገመችልኝ።
ስወጣ፣ በሜዳው ሙሉ፣ ቡጢ የሚያካክሉ የበረዶ ጎጆዎች፤
በየሆዳቸው ሻማ፤
ሽቦ የለ፣ ምሰሶ የለ፣ ቆጣሪ የለ፤
ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት ሳልቆጥር አየሁ።

የደቻቱን ነገር ለኢፍቱ አልነገርኳትም።
«ታዲያ?» አለችኝ።
«ታዲያማ አለቀ።»
አላለቀም። ከእናቷ ሱቅ ሦስት ሻማ በዱቤ ወጣ፤
የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወደ አሸዋው ወረደ።
እኔ መጀመሪያ ወደ ደንገጎ አንጋጠጥኩ፤ ደመና የለም፤
ከዚያ ተከተልኳቸው።
በሃይላንድ ውኃ እያራሱ ቆፈሩ፤ የመጀመሪያው ፈረሰ፤
ሁለተኛውም፤ ሦስተኛው፣ ጠማማው፣ ቆመ።
ሻማዎቹን አሥራ አንድ ቦታ ቆረጧቸው።
«ምን እንበለው?» አለች ኢፍቱ።
«ማንን?»
«ውኃውን ነዋ!»
መልስ ሳጣ ራሷ ተቀመጠች፣
እጇን ከአሸዋው አራግፋ፣ እንደ ጎረቤት ልጅ አነጋገረችው፦
«ስትመጣ፣ በቀን ና።»

ወዲያው «መጣ!» አለ ከተማው በአንድ አፍ፤
ቴሌቪዥኑ፣ ማራገቢያው፣ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ፣ ሁሉም ነቃ፤
ልጆቹ እየተጋፉ ሽቅብ ሮጡ።
ዕድሜዬን መብራት ሳስመጣ ኖሬ
ዛሬ፣ ትንሽ ብትዘገይ ምናለ፣ አልኩት።

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ።
አሥር።
አንዷ ጠፍታለች።
ኪሴ ውስጥ ክብሪት ፈለግሁ።